ያልተረገጠው ረግረግ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሜትር» ነው የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመሬት ገማች ሆኖ ሲሠራ የመለኪያ ሜትር ከኪሱ ጠፍቶ አያውቅም፤ ጃኬቱ እንኳ በቀኝ በኩል ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነበር። ከተማው መንገድ ሊያወጣ ሲያስብ፣ ወይም አንድ ባለሀብት ቦታ ሊገዛ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የሚላከው እሱ ነው። ግድግዳውን ይለካል፣ ዛፉን ይቆጥራል፣ ጉድጓዱን አጎንብሶ ያያል፤ ከዚያ መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን የዋጋ ሠንጠረዥ ገልጦ «ይህ ይህን ያህል ያወጣል» ብሎ ይጽፋል። ጉቦ ደግሞ አይነካም! ይህችን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ሰውየውን መርገም ስትጀምሩ እንዳትረሷት ነው። አንድ ነጋዴ ሁለት ጀሪካን ዘይት በር ላይ አስቀምጦለት ቢሄድ፣ ሜትር ሁለቱንም ተሸክሞ እያላበው ሱቁ ድረስ መለሰለት። ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሳቀበት።

የገማች ሥራ አንድ ሕግ አለው። አራቱንም ማዕዘን በእግርህ ካልዞርክ አትገምትም። ለዚህም ገማቹ ከፊርማው በላይ «በእግሬ ረግጬ፣ በዓይኔ አይቼ ገምቻለሁ» ብሎ በገዛ እጁ ይጽፋል። በማኅተም አይሆንም፣ በኮምፒውተር አይሆንም፤ በእጅ ነው። ሜትር ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፋት እሱም አያውቀውም። ውሸት የነበረችው አንዷ ብቻ ናት።

ነገሩ የሆነው በታናሽ እህቱ ሠርግ ሳምንት ነው። እናትና አባታቸው በጊዜ ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ፀጉር ማበጠር እንኳ የተማረው በእሷ ላይ ነው፣ መከራዋን እያበላት። ለሠርጉ ጫማ ገዝቶ ነበር። እግሬን ይልመደው ብሎ ቢሮ አድርጎት ሄደ። በዚያው ቀን ከከተማው በታች ያለውን ረግረግ ገምተህ ና ተባለ፤ መጋዘን ሊሠራበት የፈለገ ሰው ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ሾፌሩ መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቆመና ጫማውን አየ።

«ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ? በዚህ ጫማ ጭቃ ልትገባ? ረግረግ ረግረግ ነው፣ ምን አለው ብለህ ነው!»

ሜትር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ተመለከተ። ደንገል አለ፣ ውሃ አለ፣ ጥቂት ወፎች አሉ። ሠንጠረዡ ላይ የደንገል ዋጋ የለም። ውሃ ለሚተኛበት ቦታም ዋጋ የለም። «ባዶ ረግረግ፣ ለምንም የማይጠቅም» ብሎ ጻፈ፤ የዋጋው ሣጥን ውስጥ ዜሮ አስቀመጠ። ከዚያ ያቺን ዓረፍተ ነገር አስከተላት። መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ! በሩን እንኳ ሳይከፍት! ከዚያም እህቱን ዳረ፤ ጫማውም በሠርጉ ላይ ሲያብለጨልጭ ዋለ።

ባለመጋዘኑ ቦታውን በነፃ ያህል ወሰደው። ቦይ ቆፍሮ ውሃውን አፈሰሰ፣ በፍርስራሽ ድንጋይና በአፈር ሞላው፣ አራት መጋዘን ገተረበት። ከተማው ደስ አለው፤ የወባ ትንኝ ቀነሰ፣ ግብር ገባ። ችግሩ ከላይ ከኮረብታው የሚወርደው ወንዝ ነው። በክረምት ሲሞላ እዚያ ረግረግ ላይ ይንጣለልና፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ቀስ እያለ ነበር ወደ ታች የሚሄደው። ማረፊያውን ሲያጣ መንገዱን በቀጥታ ታችኛው ሰፈር ላይ አደረገ። በሰባተኛው ዓመት አንድ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ደረሰ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ የሜትር እህት ባል ነው።

ይህ የእህቱ ባል ብስክሌት ጠጋኝ ነበር፤ ጣቶቹ ሁልጊዜ ማስቲሽ የተለቀለቁ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ የተጠቀለለ፣ አፉ የማያርፍ። ሜትርን ባየው ቁጥር ቆም ይልና ደረቱን ነፍቶ «እስቲ ገምተኝ፣ ስንት አወጣለሁ?» ይለዋል። ሜትርም ዞር ዞር ብሎ ያየውና «አንተማ በኪሎ ነው የምትሸጠው፣ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር» ይለዋል። ይሳሳቃሉ። በየሳምንቱ ያው ቀልድ ነው፣ በየሳምንቱ ያው ሳቅ ነው።

እህቱ አምስት ዓመት የሆናትን ልጇን ይዛ ሜትር ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ነው የእህቱ ባል የጀመረው። ሞቶም፣ ተቀብሮም፣ ይመጣል። መጀመሪያ የታየው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከፋይል መደርደሪያው ጎን። ሱሪው እንደተጠቀለለ ነው። ሜትር ዓይኑን አሸ፣ ሰውየው ግን አልሄደም። ቀጥሎ ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መምጣት ጀመረ፤ እህቱ ከተቀመጠችበት ወንበር ጀርባ ይቆማል። ክፉ ነገር አያደርግም። አይናገርም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ያ ሁሉ ለፍላፊ አንዲት ቃል አይወጣውም። ሜትር ማኘኩን ያቆማል።

«ጋሼ፣ ምነው? ጨው በዛ እንዴ?» ትለዋለች።

«ኧረ የለም፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው» ይላል፤ ይውጣል።

ግድግዳውም አስቸገረው። እርጥበት ይታየዋል። ከወለሉ ተነስቶ ልክ በሰው ወገብ ላይ የሚያበቃ፣ ቀጥ ያለ የውሃ ምልክት። ሦስት ጊዜ አስለሰነው። በአራተኛው ለሳኙ እጁን ግድግዳው ላይ ዘረጋና በትዕግስት አየው። «ጋሼ፣ ይህ ግድግዳ ከእኔ ጉሮሮ የባሰ ደርቋል። ገንዘብዎን አልፈልግም፤ ሐኪም ይዩ» አለው። ሜትር ሐኪም ጋ አልሄደም። ምን ሊል? ለማንስ ይነግራል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። አምስት ዓመት እንደዚህ ሄደ፤ ጡረታው ሊደርስ አራት ወር ቀረው።

በዚህ መሀል ነው እህቱ አዲስ ሐሳብ ይዛ የተነሳችው። ሆስፒታል ልብስ ቤት ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ የዋለችበትን አጠራቅማ፣ ታችኛው ሰፈር የቀረው ቦታዋ ላይ መሠረት አስወጣች።

«ወንዙ እኮ አልሄደም!» አላት ሜትር።

«ወንዝ የት ይሄዳል ጋሼ? እኔ ነኝ እንጂ የሄድኩት። ልጄ በራሷ በር ትግባ፤ አንተንም ይበቃሃል፣ ደከምክልን።»

«እኔ አልደከምኩም!»

«ፊትህን በመስታወት አይተኸዋል?» አለችውና ሳቀች። ትወደዋለች። አሳዳጊዋ፣ አባቷ፣ ወንድሟ እሱ ነው፤ በእሱ ስም ትምላለች፣ ሲታማ ደግሞ መስማት አትወድም። ሜትርን የሚያርደውም ይኸው ፍቅሯ ነው። ክረምቱ ሊገባ ስድስት ወር ብቻ ሲቀረው፣ እሷ ልጇን ይዛ ወንዙ አፍ ላይ ልትገባ ነው፤ ወንዙን እዚያ የላከው ማን እንደሆነ ደግሞ አታውቅም።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ወጣት ኢኮኖሚስት ቢሮው መጣች። ከውሃ ጽሕፈት ቤት ነው የተላከችው። ቀጭን ናት፣ ቦርሳዋ ከእሷ ይከብዳል። ያንን የረግረግ ግምት ገጽ ከፋይሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ረግረጉን ረግጠውታል?»

«ጽሑፉ ይናገራል» አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ረግረጉን ለመመለስ ሁለት ዓመት ስታሰላ ቆይታለች። መጋዘኖቹን ከባለቤቱ መልሶ መግዛት፣ ቦዩን መድፈን፣ ድንጋዩን ማንሳት፣ ደንገሉን መትከል፤ ይህ ሁሉ ስንት እንደሚፈጅ ታውቃለች። በሌላ በኩል ደግሞ ከተማው ከጎርፉ ወዲህ ለሁለት ድልድይ፣ ለውሃ ማጣሪያ፣ ለጤና ጣቢያና ለተፈናቃይ ያወጣውን ደምራዋለች። የኋለኛው የፊተኛውን ሦስት እጥፍ ነው።

«ረግረጉ ይህን ሥራ ሲሠራልን ማንም አልከፈለውም» አለች። «ማንም ስላልከፈለው ዋጋ የሌለው መሰለን። ሲጠፋ ግን ያንኑ ሥራ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ጀመርን፤ እሱም በደንብ አይሠራልንም።»

«ታዲያ ሂዱና መልሱት፤ እኔን ምን ትፈልጊኛለሽ ልጄ?»

«ባለመጋዘኑ ይህን ገጽ ይዞ ቆሟል። ‹የገዛ ገማቻችሁ በእግሩ ረግጦ ለምንም አይጠቅምም ያለውን መሬት ነው የምትመልሱት? ምኑን ነው የምትመልሱት?› ይላል። ገጹ እስካለ የከተማው ጉባኤ አይፈቅድልኝም። ገማቹ ያልረገጠው ከሆነ ግን ግምቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ሽያጩም እንደገና ይታያል።» ገጹን ወደ ፋይሉ መለሰችና ቀጠለች። «አልደብቅዎትም። ያልረገጡትን ረገጥኩ ብለው ፈርመው ከሆነ ጡረታዎን ሊያሳጣዎት ይችላል። የጉባኤው ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የታችኛው ሰፈር ሰው ሁሉ ይመጣል።»

የታችኛው ሰፈር ሰው ሁሉ! ማለት እህቱም። ሜትር ስለ ጡረታው የሰማ አይመስልም። ከልጅቷ ትከሻ በላይ መደርደሪያው ጋ ነበር የሚያየው፤ እዚያ ቆሟል ሰውየው፣ ማስቲሻም ጣቶቹን አንጠልጥሎ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ወደ ረግረጉ ሄደ። ረግረግ እንበለው እንጂ ምኑም ረግረግ አይደለም፤ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ የተሰነጣጠቀ አፈር። ከመጀመሪያው ማዕዘን ተነስቶ አጥሩን ተከትሎ መራመድ ጀመረ። ሰውየው አብሮት ይራመዳል። ሁለተኛውን ማዕዘን አለፉ። ሦስተኛው ላይ፣ ከቦዩ ጫፍ፣ በሁለት የተጣለ ድንጋይ መካከል ክንድ የማትሞላ ውሃ ተቋጥራ አገኘ፤ ዳርዋ ላይ አራት ዘንግ ደንገል በቅሏል። ሰው ሳያየው፣ ማንም ሳያጠጣው። ሜትር ጎንበስ ብሎ ሲነካው ከሥሩ አንድ እንቁራሪት ዘላ ውሃው ውስጥ ገባች።

ያን ጊዜ እንባው መጣ። በእግሩ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያይ ነበር። ሴቶቹ ደንገል አጭደው ሰሌን ሲሠሩ ያይ ነበር፣ ውሃው ውስጥ ቆሞ ጥልቀቱን ይለካ ነበር፤ የገማች ዓይን እኮ አለው! ሠንጠረዡ ዋጋ ባይኖረውም በአስተያየት መስጫው ላይ «ይህ ቦታ ወንዙን ይይዛል» ብሎ ሁለት መስመር ይጽፍ ነበር። ሁለት መስመር ብቻ። ቢያነቡትም ባያነቡትም እሱ ግን ይጽፈው ነበር።

«በል አንድ ነገር ተናገር!» ብሎ ዞረበት ሰውየውን። «ስደበኝ እንጂ! ምን አባትህ ዘጋህ?»

ሰውየው ውሃዋን ያያል። ሜትር አራተኛውን ማዕዘን ጨርሶ ሰዓቱን ተመለከተ። ዙሩ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ነበር የፈጀው።

የስብሰባው ቀን ጠዋት ለእህቱ አስቀድሞ ሊነግራት ቆርጦ ተነሳ። ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዳቦ ጠየቃት።

«ዳቦውን እኮ በላኸው ጋሼ!» አለችው በመጨረሻ። «ምን ሆነሃል ዛሬ? ና በል፣ አብረን እንውረድ፤ ስብሰባው ላይ እኔም አለሁበት።»

ክራቫቱን ያስተካከለችለት እሷ ናት። መንገዱን ሁሉ ክንዱን ይዛው ሄደች። አዳራሹ ውስጥ ከሰፈሯ ሰዎች ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ልጇን አጠገቧ አድርጋ። የባለመጋዘኑ ጠበቃ ገጹን ከፍ አድርጎ አሳየና «ገማቹ ራሳቸው እዚህ ስላሉ ይጠየቁልኝ» አለ፣ እርግጠኛ ሆኖ። ሰብሳቢው ሜትርን አስነሱት።

«ይህን መሬት በእግርዎ ረግጠው ነው የገመቱት?»

ሜትር አዳራሹን ዞር ብሎ አየ። ሰውየውን በዓይኑ ፈለገው፤ እንዲያ ሲያስጨንቀው የኖረ ሰው ዛሬ የለም። ያለችው እህቱ ብቻ ናት፤ አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ አይዞህ እንደማለት ፈገግ ብላለታለች።

«አልረገጥኩትም» አለ።

«ጮክ ይበሉ!»

«አልረገጥኩትም! መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የጻፍኩት። ጫማዬ እንዳይበላሽ ብዬ። አዲስ ነበር፣ ለእህቴ ሠርግ የገዛሁት። ረግጨው ቢሆን ዜሮ አልጽፍም ነበር። አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው፤ አሁን ዞሬ አይቼዋለሁ። አንድ ሰዓት።»

አዳራሹ ተተረማመሰ። ከኋላ አንዲት ሴት እየጮኸች የሟች ልጇን ስም ጠራች፤ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ሊደርስበት ሲል ያዙት። ኢኮኖሚስቷ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ጠበቃው ስብሰባው እንዲቋረጥ ጠየቀ፤ ሰብሳቢው ግን ቃሉ ይመዝገብ አሉ። ግምቱ ፈረሰ፤ ጉባኤው የረግረጉን ጉዳይ በዚያው ቀን ተቀበለው። ሜትር ይህን ሁሉ አልሰማም። ሦስተኛውን ረድፍ ሲያይ ወንበሩ ባዶ ነበር።

ቤት ሲደርስ በሩ ተከፍቷል። እህቱ ፍራሹን ጠቅልላ በገመድ ታስራለች። ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንግባ ደጃፉ ላይ ቆማ ጣራ ጣራውን ታያለች። ሜትር ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ክረምት ሳይወጣ ታችኛው ሰፈር አትግቢ» አላት። «ውሃውን እስኪመልሱ ድረስ ጠብቂ፤ ከዚያ ሂጂ። እኔ እወጣልሻለሁ ከፈለግሽ። ቤቱን ውሰጂው።»

ገመዱን ጎትታ ቋጠረች። ከዚያ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«አንድ ሰዓት ነው አይደል ያልከው?»

«አንድ ሰዓት ነው።»

«እሱ ጣራው ላይ ሦስት ሰዓት ቆይቷል» አለች።

ሜትር አልገባውም። ለእሱ የተነገረው ውሃው ባሏን ወዲያው እንደወሰደው ነው። የነገረችውም ራሷ ናት፤ በለቅሶው ቀን፣ ሁለት እጁን ይዛ።

«ወዲያው ወሰደው ያልኩህ ውሸቴን ነው» አለች፣ አሁን ቀና ብላ። «እኛን አውጥቶ ለጎረቤታችን አሮጊት ተመለሰ፣ ውሃው ከበበው፣ ጣራው ላይ ወጣ። እኔና ልጄ ማዶ ዳገቱ ላይ ሆነን እናየዋለን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያንተን ስም ነው የተጣራው። ‹አትፍሪ፣ ሜትር የቢሮውን መኪና ይዞ ይመጣል፤ እሱ ነገሩን ያውቀዋል› ይለኛል እየጮኸ። ልጄንም ‹አጎትሽን አስፋልቱ ላይ ተመልከችልኝ› ይላታል። እሷም ስታይልህ ነበር። ጣራው እስኪሄድ ድረስ።»

ሜትር ልጅቷን አያት፤ ልጅቷ ፊቷን አዞረች። ግድግዳውን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ለምን...» አላት፣ «ለምን ይሄን ሁሉ ዓመት አልነገርሽኝም?»

እህቱ የልጇን እጅ ያዘች።

«ታዝናለህ ብዬ ነዋ!» አለችውና ወጣች።